የአሮጌይቱ ላንድ ሮቨር ቁልፍና ሽቦዎቿ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት፣ በመካኒክና ኤሌክትሪክ ክበብ ስም በአንድ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





በዚህ በበዓላችን ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ መልካም ጠባይ መናገር ሲቻል፣ እኛ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ሽቦ ለመናገር በፊታችሁ መቆማችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ይሁን እንጂ ርእሱን የመረጥነው እኛ ሳንሆን ርእሰ መምህራችን ናቸው። ለምን ይህን እንደ መረጡልን ንግግራችን ወደ መካከል ሲደርስ ትረዱታላችሁ። በተለይ ወላጆቻችን፣ ልጆቻችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሳቸውን ዘይት አስነክተው የሚመጡበትን ምክንያት ዛሬ ታውቃላችሁና፣ አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን።

በግቢያችን ውስጥ ከእንጨት ሥራው ክፍል ጀርባ ባለው የቆርቆሮ ዳስ ሥር የቆመችውን ላንድ ሮቨር የማያውቅ ተማሪ የለም። የታናናሾቻችን መደበቂያ፣ የዶሮ መኝታ፣ የአይጥም ቤት ሆና ብዙ ዓመት ኖራለች። ወላጆቻችን ግን የሚያውቋት በሌላ ነው። ክረምት ገብቶ ቀዩ ጭቃ መንገዱን ሁሉ በያዘ ጊዜ፣ ከኦፋ፣ ከኪንዶና ከሁምቦ ወገን ምጥ የጠናባቸውን እናቶችና የታመሙ ሕፃናትን ወደ ሶዶ ታመጣ የነበረች እርሷ ናት። ከክበባችን አባሎች የአንዱ እናት የተወለዱት ሐኪም ቤት ሳይደርሱ በዚህችው መኪና ውስጥ መሆኑን ከአያቱ ሰምቶ ነግሮናል።

ባለፈው ክረምት ቦታው ለሌላ ሥራ ስለ ተፈለገ፣ መኪናይቱ በኪሎ ተመዝና ለአሮጌ ብረት ገዢ እንድትሸጥ አሳብ ቀረበ። እኛ አምስት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በክበባችን ስም ማመልከቻ ጽፈን፣ «እስከ ምሥረታው በዓል ድረስ ጊዜ ይሰጠን፤ እስከዚያ ሞተሯን ካላስነሣን ትሸጥ» ብለን ለመንን። ተፈቀደልንም። ሥራውን የጀመርነው የጊፋታ በዓል ባለፈ በሳምንቱ ነበር።

ስለ መኪናይቱ ጥቂት እንበል። ላንድ ሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ሲሆን፣ የሠራት የእንግሊዙ የሮቨር ኩባንያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት እጅግ ጠፍቶ ስለ ነበር፣ የውጪ አካሏ በአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ዳሱ እያፈሰሰባት ይህን ያህል ዘመን ዝገት ያልጨረሳት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የእኛይቱ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ከተሠሩት «ሲሪስ ሁለት ኤ» ከሚባሉት ወገን ናት። ሞተሯ በቤንዚን የሚሠራ ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን፣ ይዘቱ 2,286 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። መሪዋ በስተቀኝ በኩል ነው። አገራችን በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ መንገድ እስክትዛወር ድረስ በኢትዮጵያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለ ነበር፣ ከዚያ በፊት የመጣች እንደ ሆነች ገመትን። እንግዲህ መኪናይቱ ከእኛ ቀርቶ ከወላጆቻችንም የምትበልጥ ናት ማለት ነው።

ኮፈኗን ከፍተን፣ የመሪውንም ፊት ለፊት ፈትተን ስናይ፣ ያገኘነው ነገር ልባችንን ሰበረው። የቁልፉ ማብሪያ ከቦታው ተነቅሎ በአንድ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጧል። ከኋላው የነበሩት ሽቦዎች ሁሉ ተፈተው እንደ ተበተነ የልቃቂት ክር ተንጠልጥለዋል። ከፊሉን አይጥ በልቶታል። በማብሪያው ጀርባ የነበረው ጽሕፈት ጠፍቷል። የትኛው ሽቦ በየትኛው ብሎን ሥር እንደሚገባ የሚነግረን አንዳች ምልክት አልነበረም።

አሁን ጉዳዩ ለሁሉም እንዲገባ፣ የቁልፍን ሥራ በአጭሩ እናስረዳ። ኮረንቲ ከባትሪው ከወጣ በኋላ ሥራውን ሠርቶ ተመልሶ ወደ ባትሪው መግባት አለበት፤ መመለሻ መንገድ ከሌለው አይንቀሳቀስም። የመኪና ሠሪዎች ሽቦ ለመቆጠብ ሲሉ የመመለሻውን መንገድ በመኪናው ብረት በራሱ አድርገውታል፤ ይህም በጋራዥ ቋንቋ «ማሳ» ይባላል። ቁልፉ በመሄጃው መንገድ ላይ የቆመ በር ነው። በሩ ሲከፈት ኮረንቲው ወደ ኮይል ይሄዳል፤ ኮይሉም የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ብዙ ሺህ ቮልት አሳድጎ ለካንዴላዎቹ ያድላል። ካንዴላው ሲተኩስ ቤንዚኑ ይነዳል፤ ሞተሩም ይሠራል። በሩ ሲዘጋ ኮይሉ ኮረንቲ ያጣል፤ ሞተሩም ይጠፋል።

በዛሬዎቹ መኪናዎች ቁልፉን ይበልጥ ሲያዞሩት ሞተሩን ያስነሣል። በእኛይቱ ግን ቁልፉ ለኮይሉ ኮረንቲ ከመፍቀድ በቀር ሌላ አያደርግም፤ የማስነሻው መጫኛ ለብቻው ነው። ደግሞም በቁልፉ ዙሪያ ትንሽ እጀታ አለች፤ አንድ ጊዜ ስትዞር ትንንሾቹን መብራቶች፣ ሁለተኛ ስትዞር ትልልቆቹን ታበራለች። ስለዚህ በማብሪያው ጀርባ አራት ዓይነት ሽቦ መኖር አለበት፦ ከባትሪ የሚመጣ፣ ወደ ኮይል የሚሄድ፣ ወደ ትንንሾቹ መብራቶችና ወደ ትልልቆቹ መብራቶች የሚሄዱ ናቸው።

እነዚህን ለይቶ ለማወቅ እንግሊዞች የቀለም ሥርዐት ነበራቸው። በዚያ ዘመን የአብዛኞቹን የእንግሊዝ መኪናዎች የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሠራ የነበረው በበርሚንግሃም ከተማ ያለው የሉካስ ኩባንያ ሲሆን፣ ቀለሞቹም በጠቅላላው እንዲህ ናቸው፦

ቡናማ፦ ከባትሪ የሚመጣ ነው። ቁልፉ ቢዘጋም ኮረንቲ አይለየውም። ፊውዝ የለበትም።
ነጭ፦ ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኮረንቲ የሚያገኝ፣ ወደ ኮይል የሚሄድ ነው። ይህም ፊውዝ የለበትም።
አረንጓዴ፦ ነጩ በፊውዝ ካለፈ በኋላ የሚይዘው ቀለም ነው። የዝናብ መጥረጊያውን፣ የፍሬን መብራቱን፣ የነዳጅ መለኪያውንና ፍሬቻውን ያገለግላል።
ሐምራዊ፦ ቡናማው በፊውዝ ካለፈ በኋላ የሚይዘው ቀለም ሲሆን፣ ለክላክስና ለመሳሰለው ነው።
ቀይ፦ የፊትና የኋላ ትንንሽ መብራቶች ናቸው።
ሰማያዊ፦ ትልልቆቹ የፊት መብራቶች ናቸው። ነጭ መስመር ያለበት ለረጅሙ፣ ቀይ መስመር ያለበት ለአጭሩ ብርሃን ነው።
ጥቁር፦ ወደ ማሳ የሚገባ ነው።

ሞተሩን በቁልፍ በሚያስነሡት ኋለኞቹ መኪናዎች ደግሞ ነጭ ሆኖ ቀይ መስመር ያለበት ሽቦ ይጨመራል፤ እርሱም የማስነሻው ነው።

ይህን ዝርዝር ካገኘን በኋላ ሥራው ያለቀ መስሎን ነበር። «ቀለሙን አይቶ መግጠም ብቻ ነው» ተባባልን። ስሕተታችን የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ትንሽ ነገር ሆነ። ባትሪ ተውሰን የገመዶቹን ማሰሪያ ስፋት እየተከተልን አሰርን፤ የባትሪ ፕላስ ጫፍ ከማይነሱ ወፈር ስለሚል ማሰሪያውም በዚያው ልክ የተሠራ ነውና። ከዚያም የፊዚክስ ክፍሉን የቮልት መለኪያ አምጥተን፣ ጥቁሩን ጫፍ በመኪናይቱ ብረት፣ ቀዩን ጫፍ በአንደኛው ቡናማ ሽቦ ላይ አደረግን። መለኪያው 12 ቁጥርን ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርጎ አሳየን። እኛ ደግሞ የመኪና ብረት ሁልጊዜ ማይነስ ነው ብለን እናምን ስለ ነበር፣ «መለኪያው ተበላሽቷል» ብለን ወደ ሣጥኑ መለስነው። ከዚያ ወዲያ የታመንነው በዐይናችን ብቻ ነው።

በዐይናችንም ሁለት ቡናማ ሽቦዎች አየን። ሁለቱንም ከባትሪ የሚመጡ ናቸው ብለን በአንድ ብሎን ሥር አንድ ላይ አሰርናቸው። ከእነርሱ አንደኛው ግን ቡናማ አልነበረም፤ ነጭ ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ አቧራ፣ ዘይትና የሞተር ሙቀት ሲጠጣ ኖሮ ቡናማ መሰለ እንጂ፣ ወደ ኮይል የሚሄደው እርሱ ራሱ ነው። እንግዲህ በሩን ትተን በጓሮ በኩል መንገድ ከፈትን ማለት ነው፤ ቁልፉ ቢዘጋም ኮይሉ ከባትሪው ጋራ እንደ ተገናኘ ቀረ። በዚያን ሰዓት ፀሐይ ልትገባ ስለ ነበር፣ «ነገ እንሞክረዋለን» ብለን ባትሪውን ሳንፈታ ወደየቤታችን ሄድን።

በማግሥቱ ገና በበሩ ስንገባ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጠሩን። «ልጆች፣ መኪናችሁ ሌሊቱን አልተኛችም። እንደ ጅብ ዐይን ያለ ቀይ ነገር በውስጧ ሲበራ አደረ። ጠጋ ብዬ ባየው ትንሽ መብራት ናት» አሉን። ያች ቀይ መብራት ዲናሞው ባትሪውን አለመሙላቱን የምታሳውቅ ናት፤ የምትበራው ከነጩ ሽቦ በምታገኘው ኮረንቲ ነው። ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ እርሷ ከበራች፣ ነጩ ሽቦ ኮረንቲ የሚያገኝበት ሌላ መንገድ አለ ማለት ነው። ይህን ያወቅነው ግን ዘግይተን ነው።

ሮጠን ስንደርስ ኮይሉ በእጅ አይነካም፤ በውስጡ ያለው ዘይትም በአፉ በኩል ወጥቶ ወርዷል። በአጋጣሚ የኮይሉን ኮረንቲ የሚከፍተውና የሚዘጋው መቁረጫ ተዘግቶ ቆሞ ነበርና፣ ኮረንቲው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስስ አድሯል። በፊዚክስ ትምህርታችን ሒሳቡን ስንሠራው፣ የኮይሉ ተቃውሞ 3 ኦም ቢሆን በ12 ቮልት 4 አምፔር ይስባል፤ ይህም 48 ዋት ሙቀት ነው። በሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ውስጥ 40 አምፔር ሰዓት ያህል ከባትሪው ይጠጣል ማለት ነው። ባትሪው ባዶ ሆነ፤ ኮይሉም ተቃጠለ። ያ ሽቦ በመንገዱ ላይ ተልጦ የመኪናይቱን ብረት ነክቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ፣ ፊውዝ የለበትምና፣ ዳሱና የእንጨት ሥራው ክፍል አብረው በተቃጠሉ ነበር።

አሁን የምንናገረውን ስንናገር እናፍራለን፤ ነገር ግን ካልተነገረ ንግግራችን ሙሉ አይሆንም። በዚያን ጠዋት አምስታችን ከዳሱ ኋላ ተሰብስበን ተማከርን። «ኮይሉ ድሮም አርጅቶ ነበር፤ በራሱ ጊዜ ተበላሸ ብንል ማን ያውቃል?» የሚል አሳብ ከመካከላችን ወጣ። እውነት ለመናገር፣ አሳቡን ሲሰማ የተቆጣ ወዲያው አልተገኘም። ዝም ብለን ቆምን። ኋላ ግን አንደኛው፣ «ዘበኛው መብራቷን አይተዋል። እኛ ሐሰት ብንናገር፣ እርሳቸው ነቅተው የጠበቁትን ሌሊት ነው የምናዋርደው» አለ። ስለዚህ አምስታችንም ወደ ርእሰ መምህራችን ቢሮ ሄደን የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው።

ርእሰ መምህራችን አልተቆጡም፤ ይህም ከቁጣው ይልቅ ከበደን። «ኮይሉን ከኪሳችሁ አዋጥታችሁ ትተኩታላችሁ። ስለዚያ ሽቦም የተማራችሁትን ጽፋችሁ በበዓሉ ቀን በወላጆቻችሁ ፊት ትናገራላችሁ» አሉን። እንግዲህ ይህ ርእስ ከየት እንደ መጣ አሁን ተረዳችሁ።

ከዚህ በኋላ መኪናይቱን ለብዙ ዘመን ነድተዋት ወደ ነበሩት አረጋዊ ሾፌር ቤት ሄድን። ጋሼ ምርኩዛቸውን ይዘው በሦስተኛው ቀን መጡ። መጀመሪያ ያደረጉት፣ ማንንም ሳይጠይቁ የባትሪውን የማሳ ገመድ መፍታት ነው። ቀጥለው የቮልት መለኪያውን ታሪክ ስንነግራቸው ሣቁ። «ልጆቼ፣ መለኪያው እውነቱን ነግሯችሁ ነበር። በዚች መኪና ብረቱ ፕላስ ነው» አሉን። በእውነትም እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ ከተሠሩት የእንግሊዝ መኪናዎች ብዙዎቹ የባትሪው ፕላስ ከብረቱ ጋራ የታሰረባቸው ናቸው። ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው መኪናዎች ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ተቃራኒ ናቸው። ይህን ሳያውቅ በእንዲህ ያለች መኪና ላይ ሬዲዮ ወይም የስልክ ቻርጀር እንደ ዘመኑ ልማድ የሚያስር ሰው ዕቃውን ወዲያው ያጠፋዋል። እኛ መለኪያውን አምነን ምክንያቱን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ፣ በእርሱው ሽቦዎቹን ሁሉ ለይተን ኮይላችን በተረፈ ነበር።

ጋሼ የነገሩን ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ የሽቦን ቀለም ማየት መልካም ነው፤ ግን ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ሳያረጋግጡ ስም አይሰጡትም። እኛም ከእርሳቸው የሰማነውንና ከመጽሐፍ ያገኘነውን አስተባብረን እንዲህ ያለ ሥርዐት አወጣን። አሮጌ መኪና ያላቸው ወላጆችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

አንደኛ፤ ባትሪውን አስቀድሞ መፍታት፤ የሚፈታውም መጀመሪያ የማሳው ገመድ ነው። ካቻቢቴ ወይም ፒንሳ በስሕተት ብረቱን ቢነካ አደጋ አይደርስም።

ሁለተኛ፤ በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ቁጥር መጻፍና በደብተር ላይ ሥዕሉን መሣል። «ኋላ አስታውሰዋለሁ» ማለት አይጠቅምም፤ እኛ አላስታወስንም።

ሦስተኛ፤ የሽቦውን ጫፍ በሳሙና ጨርቅ ማጠብ፤ ካልለየም የታሰረበትን መጠቅለያ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ መፍታት። ብርሃንና ዘይት ባልደረሰበት በዚያ ውስጥ የጥንቱ ቀለም እንዳለ ይገኛል። «ቡናማ» ያልነው ሽቦ መጠቅለያው ሲፈታ ነጭ ሆኖ ሲወጣ፣ አምስታችንም ዝም ብለን ተያየን።

አራተኛ፤ መጨረሻውን መፈለግ። የኮይሉን ሽቦ ከኮይሉ ላይ ፈትተን፣ በመለኪያው ከዚያ ጫፍ እስከ ማብሪያው ያሉትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ሞከርን፤ የተገናኘው አንዱ ብቻ ነው። በኮይሉ ላይ ሁለት ጫፎች አሉ፤ በጥንቱ የሉካስ ኮይል «ኤስ ደብልዩ» የተባለው ከቁልፍ የሚመጣውን ነጭ ሽቦ ሲቀበል፣ «ሲ ቢ» የተባለው ወደ መቁረጫው ይሄዳል። መብራቶቹንም በዚሁ ዓይነት፣ አምፑሎቹን አውጥተን ፈተንናቸው፤ አምፑሉ ካልወጣ ኮረንቲው በእርሱ በኩል ወደ ማሳ እያለፈ መለኪያውን ያሳስታልና። ሰማያዊውን ያገኘነው ሾፌሩ በግራ እግሩ ከሚረግጣት የረጅምና የአጭር መብራት መለወጫ ተነሥተን ነው።

አምስተኛ፤ መጀመሪያውን መፈለግ። ሽቦዎቹ ሁሉ ከማብሪያው እንደ ተፈቱና እርስ በርሳቸው እንዳይነካኩ ተለያይተው ሳሉ፣ ባትሪውን መልሶ ማሰርና በመፈተሻ አምፑል እያንዳንዱን መንካት። ኮረንቲ የሚገኝበት ከባትሪ የሚመጣው ብቻ መሆን አለበት። ሌላ ሽቦም ቢያበራ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ወደ ፊት አይኬድም።

ስድስተኛ፤ ማብሪያውን ራሱን ለብቻው በጠረጴዛ ላይ መፈተን። በቁልፉ ሲከፈት ከየትኛው ብሎን ወደ የትኛው እንደሚያስተላልፍ፣ እጀታዋም ስትዞር ምን እንደሚለወጥ ጽፈን ያዝን። ጽሕፈቱ የጠፋበት ማብሪያ በዚህ ዓይነት ስሙን መልሶ አገኘ።

ሰባተኛ፤ ሁሉ ከተገጠመ በኋላ ባትሪውን በቀጥታ አለማሰር። በባትሪውና በመኪናይቱ መካከል ባለ 21 ዋት የፍሬን መብራት አምፑል አስገባን፤ በኮይሉ መቁረጫ መካከልም ወረቀት አደረግን። ስሕተት ካለ አምፑሉ ቦግ ይላል፤ ሽቦው ግን አይቃጠልም። ቡናማውና ነጩ ፊውዝ ስለሌላቸው ይህ ዘዴ ሊናቅ አይገባም።

በአንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ፈተናው ሆነ። ከከተማው ጋራዥ ያገለገለ ኮይል በመዋጯችን ገዝተናል። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ካርቡራተሩን አጥበን፣ ካንዴላዎቹን ጠርገን፣ ዘይቱን ለውጠን ነበር። ባትሪው በአምፑሉ በኩል ሲታሰር አምፑሉ ጨለማ ሆነ። ቁልፉ ሲከፈት ቀይዋ መብራት በራች። ሲዘጋ ጠፋች። አሁንም ከፈትን፤ በራች። ዘግተንም አየን፤ ጠፋች። ዘበኛውን ጠርተን ስናሳያቸው፣ «እንግዲህ ሌሊት ትተኛለች» አሉ።

አምፑሉንና ወረቀቱን አውጥተን ባትሪውን በቀጥታ አሰርን። ባትሪው ደካማ ስለ ነበር፣ ጋሼ በፊት በኩል የሚገባውን የእጅ ማዞሪያ አወጡ። ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ አውራ ጣት እንዳይሰብር፣ ጣቱን ከሌሎቹ ጋራ በአንድ ወገን አድርጎ መያዝ እንደሚገባ አሳዩን። ሁለት ጊዜ አዞርን፤ ዝም አለች። ሦስተኛው ላይ አንድ ጊዜ ሳለች። ካርቡራተሩን ጥቂት አስተካክለን ብዙ ከደከምን በኋላ ተነሣች። ጭሱ ዳሱን ሞላው፤ ዶሮዎቹም ወጡ። ቀይዋ መብራት ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ጠፋች። ጋሼ ምንም አልተናገሩም፤ እጃቸውን በኮፈኑ ላይ አድርገው ለብዙ ጊዜ ቆሙ።

ክቡራንና ክቡራት፤ ሞተሩ ተነሣ እንጂ መኪናይቱ ዳነች አንልም። የፍሬኑ ሥራ ገና ነው፤ ጎማዎቹም አርጅተዋል፤ ስለዚህ ከግቢ አትወጣም። ቢሆንም ኮሚቴው ሽያጩን ስለ ሰረዘልን፣ የቀረውን ሥራ ለሚከተሉን የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች አደራ እንሰጣለን። የሽቦዎቹንም ዝርዝር በሥዕል አድርገን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተናል። አንዱ በቤተ መጻሕፍታችን ይገኛል፤ ሁለተኛው በላስቲክ ተሸፍኖ ከኮፈኑ ሥር ተለጥፏል። ጋሼ በቃላቸው የያዙት ዕውቀት በወረቀት ላይ የሰፈረው ገና አሁን ነውና፣ ይህ ከሥራችን ሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል።

ከተማሪዎች መካከል፣ «መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እየበዙ ሳሉ፣ ስለ አሮጌ ላንድ ሮቨር ቁልፍ መማር ምን ይረባል?» የሚለን አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም፣ በኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ኮረንቲ ከባትሪ ወጥቶ፣ በር አልፎ፣ ሥራ ሠርቶ መመለሱ አልተለወጠም የሚል ነው። የተለወጠው ኃይሉ ነው፤ በእነርሱ ውስጥ ያለው የብዙ መቶ ቮልት ኮረንቲ ሰው ሊገድል ይችላል። በ12 ቮልት መገመትን ልማድ ያደረገ ልጅ ነገ በዚያ ፊት ሲቆም ምን ይሆናል? ይልቅስ ስሕተቱ አንድ ኮይል ብቻ በሚያስከፍልበት በዚህ ቦታ መለካትንና መጠየቅን ቢማር ይሻለዋል።

በእንግሊዝ አገር የአሮጌ መኪና ወዳጆች የሉካስን ኩባንያ መብራት በመጥፋቱ ምክንያት «የጨለማው ልዑል» እያሉ ይቀልዱበት እንደ ነበር ሰምተናል። እኛ ግን በላንድ ሮቨራችን ውስጥ ያገኘነው ጨለማ የሉካስ አልነበረም፤ የገዛ እጃችን ነበር። ሽቦው ከስድሳ ዓመት በኋላም በመጠቅለያው ውስጥ ነጭ ነው። መለኪያውም የመቀነስ ምልክቱን በትክክል አሳይቷል። ቀይዋም መብራት ሌሊቱን ሙሉ እየበራች ነግራናለች። ያልሰማነው እኛ ነን።

 ከዚህ ስብሰባ በኋላ መኪናይቱን ማየት የሚፈልግ ሁሉ ወደ ዳሱ ይምጣ፤ ቁልፉን ለሚጠይቁን እናቶች ቅድሚያ እንሰጣለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።